ስለ ጠፋው ዘማሪ ወፍና ስለ አጥሬ እንጉዳይ

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

ከሦስት ሳምንት በፊት በእሁድ እትማችሁ ስለ አንድ የጠፋ ዘማሪ ወፍና ስለ አንድ ተራ የጫካ እንጉዳይ የወጣውን ጽሑፍ ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ጸሐፊው በሃዋይ ደሴቶች ይኖር የነበረውንና ዛሬ በምድር ላይ የሌለውን ኦኦ የሚባል ወፍ በየወደቀው ግንድ ላይ ከሚበቅል ትንሽ እንጉዳይ ጋር አስተያይተው፣ ወፉ በድምፁና በላባው ውበት ራሱን ለዓለም በማሳየቱ እንደጠፋ፣ እንጉዳዩ ግን ዝም ብሎና ዝቅ ብሎ በመኖሩ እንደተረፈ ጽፈዋል። አማርኛቸው የሚጥም ነው፤ ንጽጽሩም በራሱ የሚናቅ አይደለም፤ ሁለቱን አንድ ላይ ያነሣ ሰው ከዚህ በፊት ገጥሞኝ አያውቅም። መደምደሚያው ግን ልክ አይደለም። ስህተቱ ከወረቀት ሳይወርድ የሚቀር ቢሆን ኖሮ ዝም ባልኩ ነበር፤ ነገር ግን እኛ ከከተማው ዳር የምንኖር ሰዎች በየጓሯችን ከምንሠራው ጥፋት ጋር በቀጥታ የሚገናኝ በመሆኑ፣ ሠላሳ አንድ ዓመት ባዮሎጂ አስተምሬ በጡረታ የተገለልኩ ሰው እንደመሆኔ ይህን ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

የምኖረው ከእንጦጦ ጀርባ፣ ወደ ሱሉልታ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ነው። ቤታችንን ሠርተን የገባን ጊዜ የግቢው የላይኛው ወገን አጥር የተፈጥሮ ጥሻ ነበር፤ አጋም፣ ቀጋና እንዶድ እርስ በርሳቸው ተጠላልፈው፣ ከመካከላቸው ሁለት ያረጁ ወይራዎችና አንድ ጥድ ብቅ ብለው ይታዩ ነበር። ባለፈው ዓመት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ይህን ጥሻ አስመንጥሬ በቆርቆሮ አሳጠርኩት። ሥራውን የያዘው የሰፈራችን ወጣት አናጢ፣ ትንሽ ስናመነታ አይቶ፣ «ጋሼ፣ ይሄ ጥሻ ጅብ ይደብቃል እንጂ ለእርስዎ ምን ይፈይድልዎታል?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥዱንና አንዱን ወይራ ጨምሮ ሁሉም ወረደ፤ ቋሚና ማገሩ ከባሕር ዛፍ ተደረገ፤ የቋሚዎቹ እግር ምስጥ እንዳይበላው የተቃጠለ የሞተር ዘይት ተቀባ፤ በአራት ቀን አጥሩ አለቀ። በጥሻው ውስጥ ይኖሩ ስለነበሩት ወፎች ወደ ኋላ እመለሳለሁ።

ነሐሴ ላይ ቋሚዎቹ እንጉዳይ አበቀሉ። ዘይት ያልነካው፣ ከመሬት ክንድ ያህል ከፍ ያለው የእንጨቱ አካል በትንንሽ ነጫጭ ማራገቢያዎች ተሸፈነ። አናጢው ቀሪ ሒሳቡን ሊቀበል በመጣ ጊዜ አይቶ፣ «ውይ፣ የጅብ ጥላ አበቀለብዎት!» ብሎ ሳቀ። ጅቡን ሸሽተን ጥላውን ማምጣታችን እኔንም አሳቀኝ። በአገራችን ይህ ስም የማይበላውን እንጉዳይ ሁሉ የሚያጠቃልል ስለሆነ የትኛው እንደሆነ አይለይም። በቅርብ ስመለከተው ግን ጸሐፊያችሁ የጠቀሱት እንጉዳይ ራሱ ሆኖ አገኘሁት፤ ሳይንሳዊ ስሙ ስኪዞፊለም ኮሙኔ ነው። ስሙን እ.ኤ.አ. በ1815 ያወጣለት ኤሊያስ ፍሪስ የተባለ ስዊድናዊ የዕፅዋት ሊቅ ሲሆን፣ ኮሙኔ ማለትም በላቲን የጋራ፣ የትም የሚገኝ እንደማለት ነው። ስሙ አልዋሸም፤ ከአንታርክቲካ በቀር በሁሉም አህጉር ይገኛል።

ይህን እንጉዳይ አንባቢ ራሱ እንዲያየው ስለምፈልግ ጥቂት ልግለጸው። ግንድ የለውም፤ በጠባብ ጎኑ እንጨቱ ላይ ተጣብቆ እንደ ማራገቢያ ይዘረጋል፤ ስፋቱ ከአንድ እስከ አራት ሳንቲ ሜትር ነው። ላዩ ነጭ ወደ ግራጫ የሚወስደው ሲሆን፣ በጣት ሲነካ እንደ ግልገል በግ ጀርባ ጸጉራም ነው። ገልብጠው ሲያዩት ከተጣበቀበት ጫፍ ተነሥተው ወደ ዳር የሚበተኑ፣ ፈዛዛ ሮዝ የሆኑ ስስ ንጣፎች ይታያሉ። ከሌላው እንጉዳይ ሁሉ የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እያንዳንዱ ንጣፍ ርዝመቱን ይዞ ለሁለት የተሰነጠቀ ነው። አየሩ ሲደርቅ ሁለቱ ግማሾች ወደየጎናቸው ይጠቀለሉና ስፖር የተባለውን፣ እንደ ዘር የሚራባበትን ደቂቅ ቅንጣት፣ የሚያፈራውን ገጽ በውስጣቸው ይሸፍኑታል፤ ዝናብ ሲመጣ ተመልሰው ይዘረጋሉ፤ ስፖራቸውንም ካቆሙበት ይቀጥላሉ። አንዱን ቁራጭ ከነቅርፊቱ አንሥቼ በመጽሐፍ መደርደሪያዬ ላይ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አስቀመጥኩት። እንደ ቆዳ ቁራጭ ደረቀ፤ ባለቤቴም ሁለት ጊዜ ልትጥለው ነበር። በታኅሣሥ መጨረሻ በስኒ ማስቀመጫ ላይ እርጥብ ጥጥ አንጥፌ አኖርኩት፤ ቁርስ በልተን ቡና ተጠጥቶ ሦስተኛው ሲወርድ ንጣፎቹ ተከፍተው ነበር። የእኔ ሦስት ወር ደግሞ ምንም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1911 ገደማ ደርቆ በመስታወት ቱቦ ውስጥ የታሸገ የዚሁ እንጉዳይ ናሙና ከሃምሳ ዓመት በላይ ቆይቶ ውኃ ሲነካው ተዘርግቶ ስፖር መርጨት ጀምሯል።

እንግዲህ ጸሐፊው «ትሕትና» ያሉት ይህ ከሆነ፣ ቃሉ ቦታውን ስቷል። ይህ ፍጥረት ዝም ብሎ አይኖርም። በዓይን የማይታይ ስፖሩን በዝናቡ ሰሞን ሁሉ ለነፋስ ይሰጣል፤ የሞተ እንጨት ባለበት ሁሉ ያርፋል፤ የእንጨቱንም ዓይነት ብዙ አይመርጥም፤ ከዋንዛ እስከ ባሕር ዛፍ፣ ከግንድ እስከ አጥር ይበላል። ብዛቱን ይበልጥ የሚያስረዳው ግን የመጣመሪያ ሥርዓቱ ነው። ጽሑፉ ይህን ሳያነሣው አልፏል፤ ከጠቅላላው ጉዳይ የሚደንቀኝም ይኸው ስለሆነ አንባቢ ትንሽ እንዲታገሠኝ እለምናለሁ።

እኛ ሁለት ጾታ አለን፤ ወፉም ሁለት ነበረው። አንድ ሰው በዘፈቀደ ከሚያገኛቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የእሱ ጾታ ናቸው ማለት ነው። የዚህ እንጉዳይ ስፖር ግን ሲበቅል የሚያወጣው ቀጭን ክር ከሌላ ክር ጋር ተገናኝቶ ለመጣመር የሚችለው በዘር ሕዋሱ ውስጥ ባሉ ሁለት የጂን ስፍራዎች ሁለቱም ከተለያዩ ብቻ ነው። ሊቃውንት እነዚህን «ኤ» እና «ቢ» ይሏቸዋል። የ«ኤ» ስፍራ በዓለም ላይ 288 ያህል የተለያዩ መልኮች፣ የ«ቢ» ስፍራ ደግሞ 81 እንዳሏቸው ተሰልቷል። ሁለቱ ሲባዙ 23,328 የመጣመሪያ ዓይነቶች ይሆናሉ። ጾታ ማለት ካስፈለገ ይህ እንጉዳይ ከሃያ ሦስት ሺህ በላይ ጾታ አለው። ከአንድ እናት የተገኙ ወንድማማች ስፖሮች እርስ በርሳቸው የሚጣመሩት ከአራት አንድ ያህል ብቻ ሲሆን፣ ከሩቅ የመጡ ሁለት እንግዶች ሲገናኙ ግን የመጣመር ዕድላቸው ከመቶ ዘጠና ስምንት ያህል ይደርሳል። ዘመዱን እምቢ እያለ እንግዳውን ሁሉ የሚቀበል ሥርዓት ነው። ተማሪዎቼ ይህን በሰሙ ቁጥር ስለ ሰባት ቤት መቆጠር ማንሣታቸው አይቀርም ነበር፤ እኔም አልከለክላቸውም ነበር።

አሁን ወፉን ከጎኑ እናቁመው። ጸሐፊው ያነሡት የካዋይ ኦኦ ይባላል፤ ካዋይ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ ናት። ርዝመቱ ሃያ ሳንቲ ሜትር ያህል፣ መልኩ ጥቁርና ጥቁር ቡናማ፣ ጭኑ ላይ ብቻ ደማቅ ቢጫ ላባ ያለው ወፍ ነበር። የሚመገበው ነፍሳትን፣ ሸረሪትንና የአበባ ወለላን ሲሆን፣ ከሚጎበኛቸው አበቦች መካከል በሰሜንና በባሌ ተራሮቻችን የምናውቀው የጅብራ ዘመዶች ይገኙበታል። ጎጆውን የሚሠራው በሸመገለ ዛፍ ፍንክት፣ ማለትም በግንዱ ቀዳዳ፣ ውስጥ ነበር። ወንዱና ሴቷ አንዱ ጀምሮ ሌላው እየተቀበለ በቅብብል ይዘምሩ ነበር።

በሃዋይ ደሴቶች አራት የኦኦ ዝርያዎች ነበሩ፤ ሦስቱ የካዋዩን ቀድመው አለፉ። የሃዋይ ባላባቶች ለካባቸው የሚፈልጉት ቢጫ ላባ በተለይ የትልቁ ደሴት ኦኦ እንደነበር እሙን ነው፤ የካዋዩን ግን በላባው ጠፋ ማለት አይቻልም፤ ባላባቶቹና ካባቸው ካለፉ በኋላ፣ እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት መግቢያ ድረስ በደሴቲቱ ጫካ በብዛት ይታይ ነበርና። በድምፁ ጠፋ ማለትማ ጨርሶ አይሆንም።

ያጠፉት ሌሎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1826 በመርከብ ውኃ ውስጥ ሃዋይ የደረሰ የቢምቢ ዓይነት አለ። ከዚያ በፊት በደሴቶቹ ቢምቢ አልነበረም። ቆይቶ የወፎች ወባ በዚህች ቢምቢ አማካይነት ተሠራጨ፤ ወባ የማያውቁት የደሴቱ ወፎችም አንድ ንክሻ ሊገድላቸው የሚበቃ ሆነ። ከመርከብ የወረዱ አይጦች ፍንክቱ ውስጥ ገብተው እንቁላልና ጫጩት በሉ። ወደ ዱር የገቡ አሳማዎች መሬቱን እየቆፈሩ ኩሬ ፈጠሩ፤ ኩሬውም የቢምቢ መራቢያ ሆነ። ቆላው ሲመነጠርና ወባው ሲበረታ የተረፉት ኦኦዎች ቅዝቃዜ ወዳለበት ወደ አላካይ ረግረጋማ ከፍታ ተሰበሰቡ፤ አየሩ ከ13 ዲግሪ በታች ሲሆን የወባው ተውሳክ በቢምቢዋ ሆድ ውስጥ ማደግ ያቆማልና። የመሸሻው ከፍታ ግን ልክ አለው። የካዋይ ከፍተኛው ጫፍ 1,600 ሜትር አይሞላም፤ አቃቂ እንኳ ከዚያ ይበልጣል። ከዚያ በላይ የሚወጡበት አልነበራቸውም።

እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ጥንድ ብቻ ቀርቶ ነበር። በኅዳር 1982 ኢዋ የተባለው አውሎ ነፋስ ደሴቲቱን ከመታ በኋላ ሴቷ አልታየችም። ወንዱ ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1985 ነው፤ ድምፁ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማው በ1987 ነው። የተቀዳው ድምፅ ዛሬም ይገኛል፤ የልጄ ልጅ በስልኳ አሰምታኛለች። ወንዱ የራሱን ድርሻ ያዜማል፤ ሴቷ የምትገባበት ቦታ ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ ከዚያ እንደገና ይጀምራል።

በዚህ ረገድ የጽሑፋችሁ አንድ ቀን መታረም አለበት። ወፉ «በ2023 ጠፋ» ተብሏል። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2023 የሆነው የአሜሪካ መንግሥት ኦኦን ጨምሮ ሃያ አንድ ዝርያዎችን ጠፍተዋል ብሎ ከጥበቃ መዝገቡ መሰረዙ ነው፤ ከእነዚህም ስምንቱ የሃዋይ የጫካ ወፎች ናቸው። ወፉ ካለቀ በኋላ ሠላሳ ስድስት ዓመት ያህል በመዝገብ ላይ ጥበቃ ሲደረግለት ኖሯል። ለአንድ ጋዜጣ ሁለቱን ቀኖች ለይቶ መጻፍ ትንሽ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በዘረመል ጥናት ኦኦዎች እስከዚያ እንደሚታመነው የአውስትራሊያ ማር ጠጪ ወፎች ዘመድ ሳይሆኑ ለብቻቸው አንድ ቤተሰብ እንደነበሩ ታወቀ፤ ስለዚህ የጠፋው አንድ ዝርያ ብቻ ሳይሆን ቤቱ ከነቅርንጫፉ ነው።

ልዩነቱ እንግዲህ በጠባይ አይደለም። እንጉዳዩ ከተራራቁ ወገኖቹ ጋር ለመጣመር ከመቶ ዘጠና ስምንት ዕድል አለው፤ ኦኦ በመጨረሻ ላይ የነበረው ዕድል ዜሮ ነበር። እንጉዳዩ ክፉ ዘመን ሲመጣ ተጠቅልሎ ይጠብቃል፤ ወፉ ልቡ ካቆመ የሚጠብቅበት መንገድ የለውም። እንጉዳዩ የሞተ እንጨት ይበቃዋል፤ ወፉ የሚፈልገው በሕይወት ያለ፣ ያረጀ፣ ፍንክት ያለው ዛፍ ነበር። ይህ የመጨረሻው ነጥብ ላይ ቆም ማለት ያሻል፤ መጥረቢያ በወጣ ቁጥር የአንዱ ቤት ይፈርሳል፤ ለሌላው ግን ማዕድ ይቀርባል። ጸሐፊው የእንጉዳዩን መብዛት እንደ ጥሩ ምልክት ማየታቸው ለእኔ ከሁሉ የከፋው ስህተት የሆነብኝ ለዚህ ነው። በእኔ ቋሚዎች ላይ የታየው የእንጉዳይ ብዛት የጫካ ጤና ምስክር ሳይሆን የባሕር ዛፍ ግዢዬ ደረሰኝ ነበር።

ስለ ወፎቹ እመለሳለሁ ብዬ ነበር። በጥሻዬ ውስጥ ጥንድ ወፎች ይኖሩ ነበር፤ ግራጫ፣ ግንባራቸው ፈካ ያለ፣ ከጅራታቸው ሥር ቀይ ቡናማ የሆኑ። አማርኛ ስማቸውን የሚያውቅ ጎረቤት አላገኘሁም፤ «ያቺ የጥሻዋ» ይሏታል። ከኢትዮጵያ ደጋ ውጪ የትም አይገኙም፤ ከጥድና ከወይራ ጫካ፣ ከቁጥቋጦና ከቀርከሃ መካከል ይኖራሉ፤ እንጦጦና መናገሻ ላይ ጠዋት የወጣ ሰው ድምፃቸውን ሳይሰማ አይቀርም። ወንዱ ጥርት ያለ ቅኝት ሲያወርድ ሴቷ እንደ ድመት ማንጎራጎር ባለ ድምፅ ትቀበለዋለች፤ እነሱም በጥንድ የሚዘምሩ ናቸው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ የቤተ ክርስቲያኑ ድምፅ ማጉያ ዝም ሲል፣ እነሱ ይጀምሩ ነበር። ጥሻው ከወረደ በኋላ አልሰማኋቸውም። ሞቱ ለማለት አልችልም፤ ከላይ ወዳለው ሸለቆ ሄደው ይሆናል። ነገር ግን ከላይ ያለውም እየታጠረ ነው፤ ጎረቤቶቼም እንደ እኔው ቆርቆሮ ወደውታል።

እዚህ ላይ ነገሩን ማጋነን አልፈልግም። ይህች ወፍ እንደ ኦኦ ልትጠፋ የተቃረበች አይደለችም፤ በደጋችን ሰፊ አካባቢ ትገኛለች። የወባው ታሪክም ለእኛ በቀጥታ አይሠራም፤ የአፍሪካ ወፎች ከቢምቢና ከወባ ጋር ከጥንት ጀምሮ አብረው የኖሩ ናቸው እንጂ እንደ ደሴት ወፎች እንግዳ ሆኖ አልመጣባቸውም። በእኛ አገር በእውነት የሚያስፈራው በኦሮሚያ ደቡብ፣ ነገሌ አጠገብ፣ በሊበን ሜዳ ላይ የምትኖረው የሣር ሜዳ ዘማሪ ወፍ ናት፤ ሜዳዋ በእርሻና በቁጥቋጦ እየተበላ በመሄዱ ከአፍሪካ አህጉር ዋና ምድር በመጀመሪያ የምትጠፋ ወፍ ልትሆን ትችላለች ተብሎ ከተሰጋላት ብዙ ዓመት ሆኗል። የኔ ጥሻ ከሊበን ጋር አይወዳደርም። አሠራሩ ግን አንድ ነው፤ ቦታውን የሚለውጠው ሰው ወፉን አይቶ ሳይሆን ስለ ሌላ ነገር እያሰበ ነው። እኔ ስለ ጅብ አስቤ ነበር።

ስለዚህ ለጋዜጣችሁ አንድ ልመና አለኝ። ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ በየክረምቱ ስለሚተከለው ችግኝ ትዘግባላችሁ፤ ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ የተነገረ ዕለት የፊት ገጻችሁ እሱ ነበር፤ እኔም ቆርጬ አስቀምጬዋለሁ። መትከልን የሚቃወም ሰው አይደለሁም፤ ከተማሪዎቼ ጋር ብዙ ተክያለሁ። የምለምነው ቁጥሩን በምትዘግቡበት ገጽ ላይ ሁለት ጥያቄ እንድትጨምሩ ነው፤ የተተከለው ምን ዓይነት ዛፍ ነው፣ በዚያው ወረዳ በዚያው ዓመት የተመነጠረው ጥሻስ ምን ያህል ነው? ባሕር ዛፍ በዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ ዘመን ገብቶ ይህችን ከተማ ከማገዶ ችግር አድኗታል፤ ውለታው አይካድም፤ የእኔም ቤት ያለ እሱ አይቆምም ነበር። ሆኖም አንድ ጋሻ ባሕር ዛፍ ከአንድ ጓሮ አጋምና ወይራ ያነሰ ወፍ እንደሚያኖር ጠዋት ተነሥቶ የሚያዳምጥ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ጥሻ ደግሞ በዘገባችሁ ውስጥ ሁልጊዜ የሚታየው «የማያገለግል»፣ «የወንበዴ መደበቂያ» ወይም «ጸድቶ የለማ» ተብሎ ነው።

የሚቻል መሆኑን ለማሳየት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በከተማችን ምዕራብ በወጨጫ ተራራ ላይ ያለው የመናገሻ ሱባ ደን በዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን፣ በአሥራ አምስተኛው መቶ ዓመት፣ በሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን በመጣ የጥድ ዘር እንደተተከለ ይነገራል። ዛሬ እዚያ የሚታዩት ያረጁ ጥዶች፣ ዝግባዎችና ኮሶዎች ሥራቸው በቁጥቋጦ የተሞላ ነው፤ ወፎቹም የሚሰሙት ከዚያ ከሥር ነው። ባለፈው ጥር ከቀድሞ ባልደረቦቼ ጋር ሄደን ነበር። በመንገዱ ዳር በወደቀ የጥድ ቅርንጫፍ ላይ የእኔን እንጉዳይ አገኘሁት፤ ከአሥር እርምጃ ባነሰ ርቀት ደግሞ ጥንዶቹ ይዘምሩ ነበር። ሁለቱ በአንድ ቦታ ሊኖሩ የሚችሉት እንዲህ ነው፤ የወደቀው ወድቆ ሲተው፣ የቆመው ቆሞ ሲተው። የጽሑፋችሁ ባለቤት የአንዱ መኖር የሌላው ጠባይ ተቃራኒ እንደሆነ አድርገው ከማቅረባቸው በፊት ይህን ዱካ በእግራቸው ቢሄዱት እጋብዛቸዋለሁ፤ አብሬያቸውም እሄዳለሁ።

በእኔ በኩል ከላይኛው ወገን ስምንት ቆርቆሮ አስነሥቻለሁ። አናጢው እንደገና መጥቶ ሲነቅለው አንዳችም አልተናገረም፤ ለመንቀል የጠየቀው ዋጋ ግን ለመሥራት ከጠየቀው ብዙም አላነሰም። በቦታው የአጋምና የቀጋ ተክል አስገብቻለሁ፤ የተረፈው አንድ ወይራም አለ። ተክሉ ጥሻ እስኪሆን እኔ አልደርስበት ይሆናል። ቋሚዎቹን ግን አልነቀልኳቸውም፤ እንጉዳዩ እየበላቸው ስለሆነ፣ አናጢው እንደሚለው፣ ከሁለት ክረምት በላይ አይቆሙም።

ከአክብሮት ጋር፣
ጡረተኛ የባዮሎጂ መምህር
ከሱሉልታ መንገድ